ካርድ ባይኖራችሁም ደውሉ፦ ስለ ስልክ ዋጋና ስለ አዲስ አበባ መንገድ ለጠየቃችሁኝ

አዲስ አበባ ውስጥ አምቡላንስ ላይ ዘጠኝ ዓመት ሰርቻለሁ። ሰሞኑን ስለ ካርድ መወደድና መንገድ ተዘግቶ ስለሚዘገይ እርዳታ ብዙ ጠይቃችሁኛል። የማውቀውን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ስልኬ ላይ አምስት ሳንቲም የለም። ፊት ለፊቴ ሰው ቢገጭስ?

መልስ፦ ደውይ እህቴ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ እሳትና አደጋ 939፣ ፖሊስ 991 ነው። ነፃ መስመሮች ናቸው። ካርድ ያለው ሰው ፍለጋ የሚሮጥ ስንቱን አየሁ! ደሙ ግን እስኪመለስ አይጠብቅም። መልሰው ሲደውሉልሽም አትከፍዪም፤ ስለዚህ መስመሩን በሌላ ወሬ አትያዢው።

ጥያቄ፦ የሞላሁት ካርድ የት ነው የሚገባው?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ የሚበላችሁ ፓኬጁ ካለቀ በኋላ ነው። ዳታው ክፍት ከሆነ ከዋናው ሂሳብ መቁረጥ ይጀምራል። ስለዚህ ፓኬጁ ሊያልቅ ሲል ዳታውን ዝጉት። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስም አለበት። ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 የሞባይል ጥሪን 40፣ የሞባይል ኢንተርኔትን 43 በመቶ ቀንሶ ነበር። በመስከረም 2017 ደግሞ ጨመረ። ለቀን ሰራተኛ ከባድ ነው። ሰው ልጁ ሲታመም የሚይዘው የመጀመሪያ ነገር ስልኩ ነው፤ እንደ ቅንጦት ዕቃ ሊታይ አይገባም ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ደውለን ነበር፤ አምቡላንሱ ግን ዘገየ። ሾፌሩ ነው ችግሩ?

መልስ፦ አንዳንዴ ሊሆን ይችላል። እኔ ያየሁት ትልቁ ችግር ግን መንገዱ ነው። ከአያት በሲኤምሲ ወደ መገናኛ የሚመጣውን መንገድ አስቡት። መሃሉ የባቡር ሃዲድ ነው፤ ግራና ቀኙ ታጥሯል። አንድ ቀን ተጎጂው ከማዶ ተኝቶ እያየነው ማለፍ አልቻልንም። መኪናው መዞሪያ ፍለጋ ሄደ። እኔና ነርሷ ቃሬዛ ይዘን በእግረኛ መሻገሪያው ሮጥን። ደርሰን ደሙን አቁመን፣ አንገቱን ደግፈን ብዙ ከጠበቅን በኋላ ነው መኪናችን የመጣው። ሰውየው ተረፈ፤ እኔ ግን ያንን አጥር ዛሬም ሳየው ያመኛል።

የቀለበት መንገድም እንዲሁ ነው፤ የመሃል ግንቡ መዞሪያ አይሰጥም። አንድ የጭነት መኪና ሲገለበጥ ከኋላው ያለው ሁሉ ይታሰራል፣ አምቡላንሱም አብሮ። መንገድ ሲሰራ በየተወሰነ ርቀት ለአደጋ ጊዜ የሚከፈት በር ቢተውለት ምን ነበረበት? አምቡላንሶችም ጠዋትና ማታ መጨናነቅ ሳይጀምር በየአደባባዩ አቅራቢያ ቢቆሙ፣ ትራፊክ ፖሊሱም የትኛውን መንገድ እንደሚከፍት ቀድሞ ቢነገረው ብዙ ሰው እናተርፋለን።

ጥያቄ፦ ሳይረን ስሰማ የት ልግባ? ቦታ የለም እኮ!

መልስ፦ ቀስ ብለህ ቀኝህን ያዝ። አደባባይ ውስጥ ከሆንክ እዚያው አትቁም፤ ውጣና ከዚያ ቁም። አምቡላንሱን ተከትለህ ለማምለጥ ደግሞ አትሞክር፣ ወንድሜ። ለሚቀጥለው አምቡላንስ መንገዱን የምትዘጋው አንተ ትሆናለህ።

ጥያቄ፦ የሰፈሬ ቤቶች ቁጥር የላቸውም። አድራሻ እንዴት ልንገር?

መልስ፦ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ትምህርት ቤት ጥሪ። ከዚያ አንድ ልጅ ወደ ዋናው መንገድ ላኪ፤ ማታ ከሆነ የስልኩን መብራት አብርቶ ይቁም።