ባሕር ዳር ፔዳ ግቢ ፊዚክስ ጨርሼ የፌምቶ ሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ፣ የዚያም ሚሊዮንኛ) ሌዘር ላይ መሥራት እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር ላልከው

ጣሊያን ትሪየስቴ ከተማ ካለው አይሲቲፒ (ዓለም አቀፉ የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ማዕከል) ጀምር። ለታዳጊ አገር ተማሪዎች የአንድ ዓመት ዲፕሎማ አለው፤ የትምህርት ክፍያ የለውም። በዚያ ላይ እዚያው ከተማ አጠገብ ፌርሚ የሚባል፣ ከአልትራቫዮሌት እስከ ለስላሳ (ጉልበቱ አነስ ያለ) ኤክስሬይ የሚያመነጭ ሌዘር ስላለ ሥራውን በቅርብ ታየዋለህ።

እስከዚያው ኦፕቲክስህን (የብርሃን ፊዚክስን) አጥብቅ። ሙከራው በሁለት የሌዘር ብልጭታ ነው የሚሠራው፤ አንዱ ብልጭታ ሞለኪዩሉን ይቀሰቅሳል፣ ሁለተኛው ትንሽ ዘግይቶ ደርሶ ፎቶ ያነሳል፤ የአንድ ፌምቶ ሰከንድ መዘግየት ለማምጣት አንዱን ብልጭታ የሚመልሰውን መስታወት የምታንቀሳቅሰው 0.15 ማይክሮሜትር ብቻ ነው። ይህን ስሌት ራስህ ሠርተህ ድረስበት፣ በጣም ደስ ይላል።

አንድ ነገር ግን አደራ። እኔ ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ሳልለማመድ ሄጄ ወራት ባክነውብኛል፤ የሙከራው ጊዜ ጥቂት ቀን ነው፣ የሚያስከትለው የመረጃ ትንተና ግን ዓመት ይፈጃል። ጣና ዳር ቁጭ ብለህም ቢሆን ዛሬውኑ ጀምረው።