አጭር ፊልማችሁን ማስረዘም ለምታስቡ

አጭር ፊልም ሠርታችሁ ሰው ከወደደው ብዙም ሳይቆይ አንድ ጥያቄ ይመጣባችኋል። «ይሄን ለምን ሙሉ ፊልም አታደርጉትም?» ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ቅን ሰው ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን በኤዲቲንግ ስገፋ፣ ይህ ጥያቄ ጎበዝ ጎበዝ ልጆችን ሲያንገላታ አይቻለሁ። መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ከአጭር ወደ ረጅም የተሻገሩ ፊልሞችን ጎን ለጎን እንድታዩ እለምናችኋለሁ።

በ«ዊፕላሽ» ጀምሩ። ዳይሬክተሩ ዴሚየን ሻዜል አጭሩን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ 18 ደቂቃ ይሆናል። በአሜሪካው የሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል የአጭር ፊልም ሽልማት ወሰደ። በዓመቱ ረጅሙ መጣ፤ ከ100 ደቂቃ በላይ። ብዙ ሰው አጭሩ ተለጥጦ ረጅም የሆነ ይመስለዋል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። የሙሉው ፊልም ስክሪፕት ቀድሞ ተጽፎ ነበር። ገንዘብ የሚያወጣ ሰው እንዲገኝ ከውስጡ አንድ ትዕይንት ተመርጦ ተቀረጸ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ አጭሩ ከትልቅ ነገር ላይ የተቆረጠ ስለነበር ነው ገና ሲታይ ትልቅነቱ የተሰማው።

ትዕይንቱ የሙዚቃ ልምምድ ክፍል ውስጥ ነው። አዲስ የገባ ድራም መቺ ልጅ፣ የሚያስፈራ መምህር፣ የሚወረወር ወንበር፣ ጥፊ። መምህሩን በሁለቱም የተጫወተው ጄ ኬ ሲመንስ ነው፤ በረጅሙ ኦስካር አግኝቶበታል። ልጁን በአጭሩ ጆኒ ሲመንስ፣ በረጅሙ ማይልስ ቴለር ሆነው ተጫውተዋል። ሁለቱን አከታትላችሁ እዩ። ንግግሩ በጣም ይቀራረባል፤ የሚሰማችሁ ስሜት ግን አንድ አይደለም። በአጭሩ ልጁን ገና አታውቁትም። የምትፈሩት መምህሩን ነው፣ ዓይናችሁም ከእሱ አይነቀልም። በረጅሙ ግን እዚያ ክፍል ከመግባቱ በፊት ከልጁ ጋር ቆይታችኋል። ከአባቱ ጋር ሲኒማ ሲገባ አይታችኋል። ብቸኝነቱንም ታላቅ የመሆን ጉጉቱንም ታውቃላችሁ። ስለዚህ ጥፊው የሚያርፈው በምታውቁት ልጅ ፊት ላይ ነው።

ደግሞ ከጥፊው በኋላ ጊዜ አለ። ለእኔ ትልቁ ልዩነት ይሄ ነው። አጭሩ «ይህ ሰውዬ ምን ዓይነት ፍጡር ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ረጅሙ «ይህ ልጅ ምን ሊሆን ነው?» ይላል። እጁ እስኪደማ ድራሙን ይመታል። የሚወዳትን ልጅ ይተዋታል። የመኪና አደጋ ደርሶበት እንኳ ደሙን ሳይጠርግ ወደ መድረክ ይሮጣል። መጨረሻ ላይ እንደዚያ ሲጫወት ደስ ይበለን ወይስ እንዘንለት፣ እኔ ስንቴ አይቼው ዛሬም ልቤ አይወስንም። ጥያቄው ተቀይሯል ማለት ነው። (ፊልሙ የኤዲቲንግ ኦስካርም አግኝቷል። የሙያው ልጆች የመጨረሻውን ኮንሰርት ድምፁን ዘግታችሁ አንድ ጊዜ እዩት።)

«ላይትስ አውት» ሌላ ትምህርት አለው። ዴቪድ ሳንድበርግ እ.ኤ.አ. በ2013 ከሚስቱ ከሎታ ሎስተን ጋር ሆኖ የሠራው ነው፤ 3 ደቂቃ አይሞላም። አንዲት ሴት መብራት ታጠፋለች፤ ጨለማው ውስጥ የሰው ጥላ ይቆማል። ስታበራ የለም። ያ ፍጡር ማን ነው፣ ከየት መጣ የሚል ነገር የለውም፤ የሚያስፈራውም ስላልተነገረን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ረጅሙ ግን ፍጡሯን ስም ሰጣት፣ የኋላ ታሪክ ሰጣት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ታሪኳ በተብራራ ቁጥር ፍርሃቴ እየቀነሰ ሄደ። ፊልሙን ደግፎ ያቆመው ሌላ ነገር ነው፤ በአእምሮ ሕመም የምትሰቃይ እናትና ከእሷ ሸሽታ የወጣች ልጅ። እሱ አጭሩ ውስጥ ጨርሶ አልነበረም።

ክሪስ ማርከር እ.ኤ.አ. በ1962 የሠራው «ላ ጄቴ» ደግሞ 28 ደቂቃ ሆኖ ከሞላ ጎደል በፎቶግራፍ ብቻ የተሠራ ነው። ቴሪ ጊሊያም እ.ኤ.አ. በ1995 «ትዌልቭ መንኪስ»ን ከእሱ ተነስቶ ሲሠራ ፎቶዎቹን ለመኮረጅ አልሞከረም። በልጅነቱ አየር ማረፊያ ያየው ነገር ዕድሜ ልኩን የሚከተለውን ሰው ወሰደ፤ ሌላውን በራሱ መንገድ ሠራው።

እንግዲህ ወደ እናንተ ፊልም ስንመጣ፣ አዳዲስ ትዕይንት ለመደርደር አትቸኩሉ። መጀመሪያ የመጨረሻው ሾት ካለቀ በኋላ ያለውን ማግስት ጻፉ። ሁለት ሦስት ገጽ ይበቃል። የፊልማችሁ ዋና ሰው ጠዋት ሲነሳ ማንን ማየት ይፈራል? ትናንት ባደረገው ነገር ምን አጥቷል? ከዚያ ገጾቹን አጭሩን ላላየ ሰው ስጡት። አንብቦ «ያ ነገር እንዴት ሆነ?» ካለ የማወቅ ጉጉት ብቻ ነው፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሳችሁ አጭሩን ባለበት ተዉት። «ሰውየው ታዲያ ምን ሆነ?» ብሎ ከያዛችሁ ግን ስክሪፕቱን ጀምሩ።