ፍራንቻይዝ ልትገዙ ነው? ፊርማው ትንሽ ይቆይ

ሰሞኑን ከመጡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ፍራንቻይዝ፣ ማለትም ከፍሎ በአንድ ኩባንያ ስምና አሠራር ስለ መነገድ ናቸው። እዚህ አሜሪካ ታክሲ ነድቶ፣ ዕቁብ ጥሎ ያጠራቀመ ሰው የራሱን ንግድ ሲያስብ የታወቀ ስም መግዛቱ ይቀለዋል። ገንዘቡ የዓመታት ላብ ነውና ዛሬ ሌላውን ጥያቄ ሁሉ አቆይቼዋለሁ።

«ሻጮቹ በሜሪላንድ ተመዝግበናል ይላሉ። መንግሥት አጽድቆታል ማለት ነው?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

አይደለም፣ እህቴ። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ካሊፎርኒያ፣ ዋሽንግተንና ሌሎች ጥቂት ስቴቶች ፍራንቻይዝ ከመሸጡ በፊት የመግለጫ ሰነዱ፣ ኩባንያው ስለ ራሱና ስለ ውሉ ለገዢ የሚሰጠው ጽሑፍ፣ እንዲመዘገብ ያስገድዳሉ። ንግዱ ያዋጣል ብሎ የሚፈርም ግን የለም። በሰነዱ የፊት ገጽ ላይ ራሱ መረጃውን ያረጋገጠ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንደሌለ ተጽፏል። ምዝገባው ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። የኩባንያው አቅም የሚያሳስብ ከሆነ ስቴቱ «ሱቁ ሳይከፈት የመግቢያ ክፍያ አትቀበል» ሊለው ይችላል። ይህ ለሜሪላንድ ተብሎ በሰነዱ ላይ በተጨመረው ወረቀት ይሰፍራል። ፈልጊው። ካገኘሽው ስቴቱ የኩባንያውን ኪስ አይቶ ሠግቷል ማለት ነው።

«ቴክሳስ ሰነዱን አይመረምርም አሉኝ። ታዲያ ማን ይጠብቀኛል?» (ከዳላስ)

የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ አለ። ከ1979 ጀምሮ በሁሉም ስቴት ይሠራል። ሻጩ ባለ 23 ክፍሉን ሰነድ ከመፈረምህ ወይም ከመክፈልህ ቢያንስ 14 ቀን ቀድሞ ሊሰጥህ ግዴታው ነው። ኮሚሽኑ ግን ሰነዱን አይመዘግብም። አንተም በዚህ ደንብ ብቻ ተነሥተህ ኩባንያውን መክሰስ አትችልም። ስለዚህ የሌሎቹን ስቴቶች ሥራ ተጠቀምበት። ካሊፎርኒያ፣ ሚኒሶታና ዊስኮንሲን የተመዘገቡ ሰነዶችን በድረ ገጻቸው በነፃ ያሳያሉ። የዘንድሮውንና ያለፉትን ዓመታት አውርደህ ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። አምና የነበረ ክስ ወይም ዘንድሮ የጨመረ ክፍያ ወዲያው ይታይሃል።

«ሰነዱ ከ300 ገጽ በላይ ነው። ከየት ልጀምር?» (ከሲያትል)

ክፍል 3 ላይ የክስ ታሪክ አለ፣ ክፍል 4 ላይ ደግሞ ዕዳ መክፈል አቅቶ ፍርድ ቤት የደረሰ ኪሳራ (ባንክራፕሲ)። ሁለቱም 10 ዓመት ወደኋላ ይሄዳሉ። ክፍል 21 በኦዲተር የታየ ሒሳብ ነው። እሱን ለሒሳብ ባለሙያ ስጠው። አንተ ራስህ መቀመጥ ያለብህ ክፍል 20 ላይ ነው።

እዚያ የ3 ዓመት ሠንጠረዥ አለ፤ ስንት ቅርንጫፍ ተከፈተ፣ የስንቱ ውል ተቋረጠ፣ ስንቱ ተዘጋ። የመጨረሻው ሠንጠረዥ ደግሞ ውል ተፈርሞባቸው ያልተከፈቱትን ይቆጥራል። በርገሪም የተባለውን የሃምበርገር ኩባንያ አስታውስ። ኮሚሽኑ በ2022 ሲከሰው፣ ከ1,500 በላይ ፍራንቻይዝ ሸጦ አብዛኞቹ ጭራሽ ሳይከፈቱ ቀርተዋል ብሏል። ሰዎቹ ለመግቢያ ብቻ ከ50,000 እስከ 70,000 ዶላር ከፍለው ነበር።

ከሠንጠረዦቹ ኋላ ባለፈው ዓመት ከኩባንያው የወጡ ሰዎች ስምና ስልክ ይገኛል። አንድ ወዳጄ የጽዳት ፍራንቻይዝ ሊገዛ ሲል ቡናችን እስኪቀዘቅዝ ድረስ እነዚህን ስልኮች ስንደውል ዋልን። ሁለቱ «እንዳንናገር ፈርመናል» አሉን። ሦስተኛዋ ሴትዮ ግን «የሰጡኝ ሥራ የወር ክፍያቸውን እንኳ አልሸፈነልኝም» አለችን። ወዳጄ ስልኩን ዘግቶ ብዙ ዝም አለ። በማግሥቱ ሐሳቡን ለወጠ። በእኔ ግምት ያቺ ጥሪ ከሰነዱ ሁሉ በላይ ጠቀመችው።

«ሰነዱን ተቀብያለሁ የሚለው ደረሰኝ ላይ ያለፈ ቀን ጽፈህ ፈርም አሉኝ። ችግር አለው?» (ከአሌክሳንድሪያ)

አለው! የሰነዱ መጨረሻ ላይ ያለው ደረሰኝ 14 ቀኑ የሚቆጠርበት ነው። ሰነዱ እጅህ የገባበትን እውነተኛ ቀን ጻፍ። ገና ሳትፈርም ቀን አዛባልን ካለህ ሻጭ ጋር ውል ባታስር እመርጣለሁ።

«የምገዛው ከኩባንያው ሳይሆን ከአገሬ ልጅ ነው። ሰነዱ ይሰጠኛል?» (ከሚኒያፖሊስ)

ኩባንያው በሽያጩ እጁን ካላስገባ የፌዴራሉ ደንብ ሰነዱን እንዲሰጥዎት አያስገድድም፣ ጋሼ። እርስዎ ግን ኩባንያውን ይጠይቁ፤ ከስቴቱ ድረ ገጽም ያውርዱ። ውሉ ስንት ዓመት ቀረው? ለዝውውር ስንት ይከፈላል? የአገር ልጅነቱ እንዳለ ሆኖ የ3 ዓመት የግብር ወረቀቱን ያሳይዎት።