ባህር ዛፍ ጠልተን ነው ወይ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሱሉልታ ነው። ከሰፈራችን በላይ ያለው የግጦሽ መሬት ለአንድ ባለሀብት ተሰጥቶ ከዳር እስከ ዳር ባህር ዛፍ ተተከለበት። አሁን ምንጩ ላይ ጀሪካን ደቅነን፣ ቡና አፍልተን ጠጥተን ስንመለስ ገና ግማሽ ነው። ሁለተኛ ዙር ችግኝ የጫነ መኪና ሲመጣ እናቶች መንገዱ ላይ ተቀመጡ። ወንድሜ ግን «እናንተው አጣና እየሸጣችሁ ምን አገባችሁ?» ይለኛል። ምን ልበለው?

መልስ፦ ወንድምሽ ግማሽ እውነት ይዟል። ባህር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት ያወጣ ዛፍ ነው፤ ቢቆርጡት ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፣ የብዙዎቻችን ቤትም የቆመው በእሱ ነው። ግን ጓሮ ዳር ሃያ እግር ተክሎ ለክፉ ቀን ማስቀመጥና ተራራውን ሙሉ በአንድ ዓይነት ዛፍ መሸፈን ለየቅል ናቸው። ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ሣር እንደልብ አይበቅልም፣ ላምሽም ቅጠሉን አትበላም። እንጦጦ ባህር ዛፉ ውስጥ ገብተሽ ታውቂ እንደሆነ፣ እግርሽ ሥር የሚንኮሻኮሸው ደረቅ ቅጠልና ቅርፊት ነው።

ደግሞ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 አለልሽ፤ ዜጋ ማኅበረሰቡን በሚመለከት ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ የመጠየቅ መብት አለው ይላል። እናንተን ማን ጠየቃችሁ? ይህንኑ ጽፋችሁ፣ ፈርማችሁ አስገቡ፤ ቅጂው ላይ ማኅተም ሳታስመቱ ከቢሮው እንዳትወጡ።