ዓሣው ለሁሉም ቤት የሚደርስባቸው ደሴቶች

ጥያቄ፦ ቶከላው ስለሚባሉት የፓሲፊክ ደሴቶች ሰሞኑን ሰምቼ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። ኤርፖርት የላቸውም፣ ዋና ከተማ የላቸውም፣ ነፃነት ውሰዱ ሲባሉም ሁለቴ እምቢ አሉ ይባላል። ሰው እንዴት ነፃነት እምቢ ይላል? ምን በልተውስ ነው የሚኖሩት?

መልስ፦ እምቢ አሉ የሚለውን መጀመሪያ ላስተካክለው፣ ሁሌ ስሰማው ስለሚያናድደኝ። አብዛኛው ሰው እኮ እሺ ነው ያለው! እንደ ፈረንጆቹ በ2006 60 ከመቶው፣ በ2007 ደግሞ 64 ከመቶው ደግፏል፣ ግን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ስለነበር ሁለተኛው ዙር ላይ በ16 ድምፅ ብቻ ጎድሎ ቀረ። የተጠየቁትም ቢሆን ከሚያስተዳድራቸው ከኒውዚላንድ ሳይለዩ ራሳቸውን ማስተዳደርን እንጂ ጭራሽ መገንጠልን አይደለም።

ቦታው አታፉ፣ ኑኩኖኑና ፋካኦፎ የሚባሉ ሦስት የኮራል ደሴቶች ናቸው፣ ሁሉም ተደምረው ከ10 እስከ 12 ካሬ ኪሎሜትር ቢሆኑ ነው፣ ከባህር በላይ ከፍ ያሉበትም ቢበዛ 5 ሜትር ገደማ ነው፣ ሰዉ ደግሞ ወደ 1,500 ቢሆን ነው፣ እዛ ለመድረስ ከሳሞአ ዋና ከተማ ከአፒያ በመርከብ ከአንድ ቀን በላይ መሄድ ነው። ዋና ከተማ የሌለውም መሪነቱ በሦስቱ መካከል በተራ ስለሚዞር ነው፣ በየመንደሩ ደግሞ ነገር የሚቆርጠው የሽማግሌዎች ሸንጎ ነው።

እንደ ፈረንጆቹ የ1863ቱን ነገር ግን ሳላነሳ አላልፍም። የፔሩ የባሪያ ፈንጋይ መርከቦች መጥተው ከሕዝቡ ግማሽ የሚጠጋውን ወሰዱ፣ በብዛት ጠንካራ ወንዶቹን፣ ከሄዱት የተመለሰ የለም ማለት ይቻላል። አብዛኛው ዓሣ አጥማጅ ተወስዶብህ ከሴትና ከሕፃን ጋር ቀርተህ መንደር ማቆም ምን እንደሚመስል አስበው።

ምን ይበላሉ ላልከው፣ ኮኮናት፣ ዳቦ ፍሬ የሚሉት የዛፍ ፍሬ፣ ጉድጓድ ቆፍረው የሚያበቅሉት የጎደሬ ዓይነት ሥር፣ ከሁሉም በላይ ግን ዓሣ። እኔ የምወደው ዓሣውን የሚካፈሉበትን መንገድ ነው፣ ኢናቲ ይሉታል። ወንዶቹ ለመንደሩ ሲያጠምዱ የተገኘው ሁሉ ወደየቤቱ አይሄድም፣ አንድ ቦታ ይዘረገፍና ይህን ሥራ የሚያውቁ ሰዎች ይቆጥሩታል፣ ከዛ በየቤቱ የሰው ብዛት ይከፋፈላል፣ ልጆች መጥተው የቤታቸውን ድርሻ ይዘው ይሄዳሉ። ያጠመደውና ያላጠመደው ብሎ ነገር የለም፣ ባሏ የሞተባት፣ አቅም ያነሰው ሽማግሌ፣ ታሞ የተኛ፣ ሁሉም ይቆጠራል። ዛሬ ደሞዝተኛ በዝቶ፣ ሱቅ ገብቶ፣ እንደ ፈረንጆቹ ከ2012 ጀምሮ መብራቱን በሶላር አድርገው እንኳን ኢናቲ አልቀረም፣ ብዙ ዓሣ የተያዘ ቀን ዓሣው አሁንም መሬት ላይ ተደርድሮ ይቆጠራል።