ያልበሉት ዕዳ፦ ጥያቄና መልስ

እዚህ አሜሪካ ታክስ ስሞላ ብዙ ዓመቴ ነው። በስማቸው ሌላ ሰው የተበደረባቸው ደንበኞች በየዓመቱ ይመጡብኛል። ጠበቃ አይደለሁም፤ ያየሁትንና የማውቀውን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ኡበር ነው የምነዳው። መኪና ልገዛ ስሄድ ክሬዲትህ፣ ማለትም የብድር ታሪክህ፣ ተበላሽቷል አሉኝ። ለካ በስሜ ሁለት ክሬዲት ካርድ ወጥቷል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ መጀመሪያ በሩን ዝጋ ወንድሜ። የሰውን የብድር ታሪክ የሚይዙት ሦስቱ ድርጅቶች፣ ኢኩፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን ጋ ለየብቻ ገብተህ ክሬዲትህን ፍሪዝ አድርግ፤ በስምህ አዲስ ብድር እንዳይከፈት ማሳገድ ማለት ነው። ከ2018 ጀምሮ በሕግ ነፃ ነው። ብር ከጠየቁህ ሌላ ነገር እየሸጡልህ ነው። ቀጥለህ የኤፍቲሲ (የሸማቾችን መብት የሚጠብቀው የፌዴራል መሥሪያ ቤት) ገጽ በሆነው አይደንቲቲቴፍት ዶት ጎቭ ላይ ሪፖርት ሙላ። የሚወጣልህን ወረቀት አትጣለው፤ የምትሟገተው በሱ ነው።

ጥያቄ፦ ደውዬ «ካርዱ የኔ አይደለም» ካልኩ ወር አለፈኝ። ምንም የለም።

መልስ፦ በስልክ የተባለ በስልክ ይቀራል። ሪፖርቱን፣ የመታወቂያህን ኮፒና የትኛው ዕዳ ያንተ እንዳልሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ በሰርቲፋይድ ሜል (መላኩ በደረሰኝ በሚረጋገጥ ፖስታ) ለሦስቱም ድርጅቶች ላክ። ከደረሳቸው በ4 የሥራ ቀን ውስጥ ዕዳውን ከፋይልህ ማገድ አለባቸው። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ መብት ደግሞ አለ። ካርዱን የሰጠው ባንክ በስምህ የተሞላውን ማመልከቻ፣ በጽሑፍ ከጠየቅህ፣ በ30 ቀን ውስጥ በነፃ ሊሰጥህ ይገባል። አንዲት ደንበኛዬ ወረቀቱ ሲመጣላት አብረን አየነው። ስሙ የሷ፣ የልደት ቀኑ የሷ። ስልክ ቁጥሩ ጋ ስትደርስ ዝም አለች። ቤቷ አስጠግታው የነበረ የዘመድ ልጅ ቁጥር ነው።

ጥያቄ፦ የኔም እንደዚያው ነው፤ የእህቴ ልጅ ነው። ፖሊስ ጋ ልሂድ?

መልስ፦ ይሄ ከሁሉም ይከብዳል እህቴ። እህትሽ ታኮርፋለች። ሽማግሌ ይመጣል፣ «ልጅ ነው፣ ይቅር በይው» ይባላል። ሽማግሌው ግን ዕዳውን አይከፍልልሽም። ብዙ ጊዜ የኤፍቲሲው ሪፖርት ይበቃል፤ የፖሊስ ወረቀት የሚጠይቅ ባንክ ግን አለ። ሪፖርቱ ላይ እያወቅሽው «ማን እንደሆነ አላውቅም» እንዳትዪ፤ የውሸት ሪፖርት ራሱ ወንጀል ነው። «እከፍላለሁ» ካለሽም አስቢበት። አንድ ወር ሲያዘገይ የሚበላሸው ያንቺ ክሬዲት ነው። ዕዳውን ተቀብለሽ ቆይተሽ «የኔ አይደለም» ብትዪ ደግሞ ማን ያምንሻል? እኔ ብሆን መጀመሪያ ሪፖርቱን ሞልቼ ነው ለዕርቅ የምቀመጠው።

ጥያቄ፦ ታክሴን ሞልቼ በኢንተርኔት ብልከው የታክስ መሥሪያ ቤቱ፣ አይአርኤስ፣ «በዚህ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ተሞልቷል» ብሎ መለሰብኝ።

መልስ፦ በወረቀት ሞልተህ ፎርም 14039ን፣ ማንነትህ መሰረቁን የምታሳውቅበትን ቅጽ፣ አያይዝና በፖስታ ላክ። ሪፈንዱ (ተመላሹ ገንዘብ) ይጓተታል፣ ወራት ጠብቅ። ከዚያ ከአይአርኤስ አይፒ ፒን የሚባለውን ባለ 6 አሃዝ ሚስጥር ቁጥር አውጣ። በየዓመቱ ይቀየራል፤ ያለሱ ማንም በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርህ ኢ-ፋይል ማድረግ (ታክስ በኢንተርኔት መላክ) አይችልም።

ጥያቄ፦ የእናቴ ዴቢት ካርድ ተሰርቆ ገንዘብ ወጣ። እንዳንቆጣት ፈርታ ሁለት ሳምንት ደበቀችን።

መልስ፦ አሁኑኑ ደውሉ። መሰረቁን ባወቀች በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ብታመለክት ኖሮ የሚደርስባት ቢበዛ 50 ዶላር ነበር። ካለፈ እስከ 500 ይደርሳል። ገንዘቡ መውጣቱን የሚያሳየው የባንክ መግለጫ ከተላከ 60 ቀን ካለፈ ደግሞ ከዚያ ወዲያ የሚወጣውን ባንኩ ላይመልስ ይችላል። ስትደውሉ አጠገባችሁ ትሁን፤ ባንኩ መጀመሪያ የሷን ድምፅ ነው የሚጠይቀው። የአማርኛ አስተርጓሚ ካለም ጠይቁላት።