ጥፋቱ የማን ነው? የተዋናዩ፣ የጸሐፊው ወይስ የካሜራው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ፊልም አመዛዘን

ጥያቄ፦ በሐዋሳ የወጣቶች አጫጭር ፊልሞች ውድድር እያዘጋጀን ነው። ፊልሞቹ 12 ናቸው፤ ርዝመታቸው ከ15 ደቂቃ አይበልጥም። ባለፈው ጊዜ አንዱ ዳኛ 80 የሰጠውን ፊልም ሌላው 40 ሰጠው፤ አማካዩን ወስደን አለፍን፤ ተወዳዳሪዎቹ ግን አኮረፉ። ነጥቡን እንዴት እንከፋፍለው? (አዘጋጅ ኮሚቴ፣ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ማኮረፋቸው ተገቢ ነው። የ80 እና የ40 አማካይ 60 ይሁን እንጂ 60 ከሁለቱ ዳኞች የአንዳቸውም አስተያየት አይደለም። እንዲህ ያለ ልዩነት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ዳኞቹ የተለያየ ነገር ስለሚመዝኑ ነው። አንዱ ታሪኩን ወዶ ለትወናውም ነጥብ ይደርባል፤ ሌላው የድምፁ ጥራት ስላስመረረው ከታሪኩም ይቀንሳል።

ከ100 ለታሪክ 35፣ ለትወና 30፣ ለምስል 20፣ ለድምፅና ለቅንብር (ለኤዲቲንግ) 15 ስጡ። ታሪክና ትወና ብዙ እንዲይዙ የምንመክረው በስልክ የቀረጸ ወጣት ድሮን ከተከራየው ጋር እኩል የሚፎካከርባቸው እነሱ ስለሆኑ ነው።

እያንዳንዱ ፊልም ሦስት ጊዜ ይታይ። መጀመሪያ እንደማንኛውም ተመልካች፣ እስክሪብቶ ሳይያዝ። ቀጥሎ ድምፁ ጠፍቶ፤ እዚህ ላይ ምስሉና የተዋናዮቹ አካል ብቻቸውን ይቀራሉ። በመጨረሻ ጀርባ ለስክሪኑ ሰጥቶ በማዳመጥ ብቻ። ሦስቱ 45 ደቂቃ ይወስዳሉ፤ ለማስታወሻ 15 ሲጨመር አንድ ሰዓት ይሞላል። በቀን ከስድስት ፊልም አትለፉ፤ ሰባተኛው የሚመዘነው በደከመ ዓይን ነው። ከዳኞቹ ግማሾቹ ቅደም ተከተሉን ገልብጠው ከመጨረሻው ቢጀምሩ ደግሞ በድካም የሚጎዳው ሁሌ ያው ፊልም አይሆንም።

ነጥብ የሚጻፈው ዳኞቹ ከመነጋገራቸው በፊት ነው። በአንድ ፊልም ላይ ከ15 ነጥብ በላይ ከተለያዩ አማካይ አይወሰድ። ያጨቃጨቀው ትዕይንት ብቻ እንደገና ይከፈትና እያንዳንዱ ዳኛ ነጥብ የሰጠበትን ወይም የቀነሰበትን ቦታ በጣቱ ያሳይ። ከዚያ በኋላ ነጥቡን መቀየርም ሆነ መጠበቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ ተዋናይዋ አልቅሳ አዳራሹን ሁሉ አስለቀሰች። ጓደኛዬ ግን "ይሄ ትወና አይደለም" አለኝ። ማን ልክ ነው? (የቲያትር ክበብ አባል፣ ታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ እንባው ለሁለታችሁም አይመሰክርም። ሙዚቃ ብቻውን ያስለቅሳል። ትዕይንቱን ድምፅ አጥፍተው ደግመው ይዩት፤ ሐዘኑ ከሙዚቃው ጋር አብሮ ከጠፋ ያስለቀሰዎት ሙዚቀኛው ነው።

ቅንብርም እንደዚያው ነው። ሩሲያዊው ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የአንድን ተዋናይ ያንኑ ፊት አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን፣ አንዴ ከሴት ምስል ጋር አቀናጅቶ አሳየ፤ ተመልካቾቹም ፊቱ ላይ ረሃብ፣ ሐዘንና ፍቅር እንዳነበቡ ይነገራል። ስለዚህ ትወና የሚመዘነው በተለይ ሳይቆረጥ ረዘም ብሎ በሚሄድ ሾት ላይ ነው። እዚያ ኤዲተር ማንንም አያድንም።

በዚያ ሾት ውስጥ የሚናገረውን ትተው የሚያዳምጠውን ይዩ። ደካማ ተዋናይ ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል፤ የሌላው አረፍተ ነገር ሳያልቅ ፊቱ መልሱን አዘጋጅቶ ይጨርሳል። ጎበዙ የሚሰማውን ነገር ገና አሁን የሚሰማ ይመስላል፤ ለመረዳት አንድ አፍታ ይወስዳል።

እጅንም ይከታተሉ። ቡና እየቀዳች የልጇን መታሰር የምትሰማ እናትን እንውሰድ። ደካማዋ ጀበናውን ታስቀምጥና ደረቷን ይዛ ወደ ካሜራው ትዞራለች። ጎበዟ መቅዳቷን አታቆምም፤ ሲኒው ሞልቶ ረከቦቱ ላይ ሲፈስ እንኳ አታይም፤ ወይም እንግዳ ፊት ስላለች ፊቷን ተቆጣጥራ ቀጣዩን ሲኒ ትቀዳለች፣ እጇ ግን ያጋልጣታል። ጀበናው ባዶ ከሆነም ወዲያው ይታወቃል። ሙሉ ጀበና የእጅ አንጓን ወደ ታች ይስባል፤ ባዶው ብድግ ይላል። ከውጭ አገር የመጣ የተባለ ሰው ሻንጣውን በሁለት ጣት ሲያነሳም የምናየው ያንኑ ነው።

ከመድረክ የመጡ ተዋንያን ላይ የሚበዛው ችግር ሌላ ነው። የኋላው ወንበር ድረስ እንዲሰማ የሠለጠነ ድምፅና ምልክት ካሜራው አንድ ሜትር ላይ ሲሆን ጩኸት ይሆናል። ይህን ማረም የዳይሬክተሩ ኃላፊነት ነው፤ ሁሉም ተዋንያን ከጮኹ ጥፋቱ የእሱ ነው።

የጸሐፊውንም ጥፋት በተዋናዩ ላይ አይጫኑ። "ወንድሜ፣ እናታችን ከሞተች አምስት ዓመት እንደሆናት ታውቃለህ" የሚል ንግግር ማንም ቢለው አይድንም፤ ሁለቱም የሚያውቁትን ለተመልካች ሲሉ የሚነግሩት ነው። ከታሪክ ይቀነስ። መንገድ ላይ የተቀረጸ ወሬ ባጃጅም ነፋስም ሳይሰማበት እንደ ዝግ ክፍል ከተሰማ፣ ከንፈርና ድምፅ ካልገጠሙ ደግሞ ጥፋቱ የዳቢንጉ፣ ማለትም በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ የተተካው ድምፅ ነው፤ ከድምፅ ይቀነስ።

ጥያቄ፦ መጨረሻው ያልተጠበቀ ከሆነ ታሪኩ ጥሩ ነው ማለት ይቻላል? (አንባቢ፣ ሻሸመኔ)

መልስ፦ አይቻልም። ማስደንገጥ ቀላል ነው። ፊልሙን መልሰው ሲያዩት ፍንጮቹ ቀድሞም እዚያው ከነበሩ ጥሩ ነው፤ በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ከየት መጣ ያልተባለ መንታ ወንድም ብቅ ካለ ግን ጸሐፊው መውጫ አጥቷል። አጋጣሚ ሰውን ችግር ውስጥ ቢከተው እንቀበላለን፤ ከችግር ሲያወጣው ነው የምንታለለው።

በእኛ የፍቅር ፊልሞች ላይ አንድ ጥያቄ ብዙ ይሠራል፦ አንደኛው ስልክ ደውሎ "እንዲህ ነው ወይ?" ቢል ታሪኩ ያልቃል? የሚያልቅ ከሆነ፣ እንዳይደውል የሚከለክለው ኩራት፣ ፍርሃት ወይም ውርደት ፊልሙ ውስጥ መታየት አለበት።

ጥያቄ፦ የሐይቁን ጀንበር መጥለቂያ የሚያሳይ ፊልም ሁሉ "ምስሉ አሪፍ ነው" ይባላል። ውበትን ከሙያ እንዴት ልለይ? (ፎቶግራፍ አንሺ፣ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ ጀንበሯ የምትጠልቀው ውሃው ላይ ነው፤ ውበቱ ለማንም ካሜራ በነጻ የሚገኝ ነው። ሙያው የሚታየው ከፊቱ በቆመው ሰው ላይ ነው። ብርሃኑ ለውሃው ከተለካ ፊቱ ይጠቁራል፤ ለፊቱ ከተለካ ሐይቁ ነጭ ሆኖ ይጠፋል። የሚያውቅ ባለሙያ በሪፍሌክተር (ብርሃን በሚመልስ ሰሌዳ) ፊቱን ያበራል፣ ወይም ፀሐይዋ ከጎን እንድትመታው ተዋናዩን ያዞረዋል። ሆን ተብሎ ጥላ የተደረገ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያን ጊዜ ታሪኩ ፊቱን እንድናይ የማይፈልግበት ምክንያት ይኑረው።

የሦስት ደቂቃ ወሬ ላይ የብርሃኑን ቀለም ይከታተሉ። ምድር ወገብ አቅራቢያ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ወርቃማው ብርሃን ቶሎ ያልፋል፤ የእሱ ፊት ብርቱካናማ፣ የእሷ ሰማያዊ ከሆነ ጊዜ አልቆባቸዋል። በቀትር የተቀረጸ ከሆነ ደግሞ የዓይን ጉድጓድ ላይ ጥላ ይጠራቀምና ዓይኑ አይነበብም። ያ ትወናውንም ይጎዳል።

ቤት ውስጥ መብራቱ የሚንቀጠቀጥ ወይም አግድም መስመር የሚሠራ ከሆነ ጥፋቱ የሹተሩ፣ ማለትም ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ ነው። የአገራችን ኃይል 50 ኸርዝ በመሆኑ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይመታል፤ የሰከንድ 1/50ኛ ወይም 1/100ኛ ሹተር ያረጋጋዋል፣ 1/60ኛ ያንቀጠቅጠዋል። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት እያወሩ በድንገት ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩ ከመሰሉ ደግሞ ካሜራው ሁለቱን የሚያገናኘውን የሐሳብ መስመር ዘሎ ወደ ማዶ ተሻግሯል።

ድሮኑን በተመለከተ፣ ሾቱን በሐሳብ ያውጡት። የት እንዳለን፣ ማን ማንን እንደራቀ የሚነግረን ነገር አብሮ ከጠፋ ይቆይ፤ ካልጠፋ ፖስት ካርድ ነው፣ ነጥብ አይሰጠውም።

ጥያቄ፦ በስልክ አይቼ መፍረድ እችላለሁ? (ተማሪ፣ ሐዋሳ)

መልስ፦ ታሪኩንና ንግግሩን አዎ። ምስሉን ግን በትልቅ ስክሪን ካላዩ ነጥብ አይስጡ፤ በተለይ የሌሊት ትዕይንቶች በትንሽ ስክሪን ላይ ድፍን ጥቁር ይሆናሉ። ግድ ከሆነ ክፍሉን ያጨልሙ፣ የስክሪኑን ብርሃን በራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ያጥፉት፣ ማታ ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገውንም እንዲሁ፤ ድምፁን በጆሮ ማዳመጫ ይስሙ።